ዋስ ይዤ ዓለም ከተማ የወረድኩበት መንገድ

ከዓለም ከተማ ከተመለስኩ ጀምሮ ሴቶቹ ወንዝ ስወርድም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቆምም «እስቲ መንገዱን አውሪን» ይሉኛል። አንዷ የአዳባይን ገደል ትጠይቀኛለች፣ አንዷ የቆላውን ምግብ፣ ሌላዋ ልጄን ያሳሰረውን ብረት። ለእያንዳንዷ ስደግም አንዱን አስቀድሜ አንዱን እረሳለሁ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አድርሰውኛል፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት አላየሁም። በዚያችው ነው የምጽፈው። እዚያ ለማትሄዱት ነው። እኔም ባይጨንቀኝ አልሄድም ነበር።

ጭንቀቱ እንዲህ መጣ። ልጄ ሽፈራው አዲስ አበባ የእጅ ሥራ ተምሮ፣ የውሃ ቧንቧ ከሚዘረጉ ሰዎች ጋር መርሐቤቴ ወርዶ፣ ሥራው ሲያልቅ የቧንቧው ጠባቂ ተብሎ ዓለም ከተማ ቀረ። ውሃው ከከተማው በላይ ካለው ምንጭ ይነሳና በብረት ቧንቧ መሬት ለመሬት ሄዶ ገበያው አጠገብ ቦኖ ላይ ይወርዳል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ የበግ ነጋዴ ሞላሌ ገበያ ላይ አገኘኝ።

«እመት አስካለ፣ ልጅዎ ተይዟል» አለኝ።

«ምን አድርጎ?»

«የመንግሥት ብረት ሸጦ፣ በምትኩ የበሰበሰ ቀብሯል ብለው ነው። ዋስም የለው። ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት በእግር ብረት ሊሰዱት ነው እየተባለ ነው።»

እዚያው ጨው ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጎን ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ድንበሩን ለመንኳቸው። ዋስ መሆን የሚችለው መሬት ያለው ሰው ነው፤ ከእኛ ቤት ስሙ የሚጠራ መሬት ያላቸው እሳቸው ናቸው።

«እኔ ቆላ ወርጄ በወባ ልሙት?» አሉ።

«በጥር ወባ የለም ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ማነው የሚለው?»

«ወርደው የተመለሱት።»

«እነሱማ ይላሉ! ያልተመለሱትን ማን ጠየቃቸው?»

ይህን እያሉ በቅሎዋን ይጭኑ ነበር። እኔም ለጎረቤት ሁሉ «ዋስ ሆነን፣ አስፈትተን፣ ይዘነው እንመጣለን» ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ ብረት እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር። በእኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ስሙ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። «የአስካለ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነ» ሲባል ሰምቼ፣ እንዳልሰማ ሆኜ ያለፍኩበት ቀን አለ።

ማክሰኞ ከሞላሌ ስንወጣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ጋሼ ድንበሩ እግራቸውን ቁርጥማት ስለሚይዛቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መንገዱ የእኛው አገር ነው፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ነፋስ። የምነግራችሁ የለኝም። አመሻሹ ላይ ግን አፋፉ ላይ ደርሼ ወደ ታች ሳይ ሰው ከፊቴ ገፍቶ ያቆመኝ መሰለኝ። መሬቱ አለቀ። ከታች ሌላ አገር አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጢስ በየቦታው እየወጣ። እዚያ ታች ሌሊቱም ይሞቃል ይላሉ፤ እኛ ግን ብርዱ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨው ነው።

አፋፉ ላይ ካለች መንደር ገብተን «የመሸብን መንገደኞች ነን፣ ስለ ማርያም ማደሪያ» አልን። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉ አንድ ቄስ። ቤታቸው እንደ እኛ የድንጋይ ነው፤ ከብቱም በጉም እኛም አንድ ጣራ ሥር ሆንን። ባለቤታቸው የገብስ እንጀራ በአይብ አቀረበችልን። ለምን እንደምንሄድ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ብረት ቀበረ? ለምን ብሎ ነው የሚቀብረው?»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር። ቄሱ ከመደቡ ላይ ሆነው «ብረት መሬት የሚቀበረውማ ለድግምት ነው» አሉ።

«ዝም ይበሉ እስቲ!» ብላ ጮኸችባቸው። «እናት ፊት እንዲህ ይባላል? እርስዎ ባለፈው ክረምት ማረሻ ጠፋብኝ ሲሉ የት ነበር የተገኘ? መሬት ውስጥ አይደለም? ድግምት አድርገው ነበር?»

ቄሱ ሳቁ። እሷም ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፣ ተረከዜን ቅቤ ቀባችልኝ። ጠዋት ስንነሳ የራሷን ዱላ ሰጠችኝ። «ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል፤ ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» አለች። ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ረቡዕ ያን ገደል ወረድን። ጋሼ ድንበሩም ከበቅሎ ወርደው ጭራዋን ይዘው ነው የወረዱት። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አንዱን ስትረግጪ አስሩ ይከተልሻል። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ልብስ እየከበደን መጣ። መጀመሪያ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባናዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ቀጥዬ ነጠላዬን ራሴ ላይ አሰርኩ። እኛ አገር ጥላ የሚፈለገው በግ ሲሸልቱ ብቻ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ከግራር ወደ ግራር እየሮጠ ነው የሚሄድ።

የአዳባይ ወንዝ በጥር ጉልበት ድረስ ነው። ጉልበት ድረስ ይሁን እንጂ ድንጋዩ ያንሸራትታል። መሃል ላይ በቅሎዋ ተደናቀፈችና በሶ የያዘው ስልቻ ውሃ ውስጥ ገባ። ጋሼ ድንበሩ ልብሳቸውን ሳይሰበስቡ ተከትለውት ገቡና ስልቻውን አቅፈው ወጡ። ስንፈታው በሶው በወንዙ ውሃ ተበጥብጦ ጭቃ ሆኗል።

«ይኸው» አሉ። «የአዳባይን ውሃ በስልቻ ጠጣን።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በእጃችን እየዛቅን በላነው። ረሃብም ስለነበር ጣፈጠን። ቀኑ ጾም ነውና ሌላ የሚበላም አልነበረንም።

ማታ ቆላው ላይ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። እዚያ ቤቱ የእንጨት ነው፤ ግድግዳው ያልተመረገ፣ ነፋስ እንዲገባ ሆን ብለው የተዉት። እኛ ነፋስ እንዳይገባ ስንት ድንጋይ እንደምንከምር ሳስብ ሳቄ መጣ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አበሉን። ማሽላው ጉሮሮ ይይዛል፤ ሽሮው ግን በርበሬው ጥሩ ነው። ጋሼ ድንበሩ ትንኝ ፈርተው ባናቸውን ከራስ እስከ እግር ተከናንበው ተቀመጡ። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል።

ገበሬው አይቶ አይቶ «አባቴ፣ በቁምዎ ሊቀቀሉ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ትንኝ ከሚበላኝ ልቀቀል።»

«ትንኙማ የመንዜ ሥጋ አይወድም። ባና ባና ይላል።»

ሚስቱ እየሳቀች ቅጠል አጭሳ ትንኙን አባረረችላቸው፤ በዚያው ሁላችንንም አስለቀሰችን።

ሐሙስ ዳገቱን ስንወጣ ዋልን። ዓለም ከተማ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የቆርቆሮ ጣራ በዝቶ ስለሚያብረቀርቅ ከሩቅ ውሃ የተኛበት ይመስላል። ብርዱ እንደ እኛ አይደለም፣ ሙቀቱም እንደ ቆላው አይደለም፤ መሬቱ ጤፍ ያበቅላል። ገበያው አጠገብ ሴቶች እንስራ ይዘው ተሰልፈዋል። ቦኖ ማለት ይህ ነው። እጀታውን ሲያዞሩት ውሃው ይወርዳል፣ ሲመልሱት ይቆማል። ልጄ የሚጠብቀው ውሃ ነው ብዬ ጠጋ አልኩና በእጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ብረት ብረት አይልም።

እንባዬን ያየች አንዲት ሴት እንስራዋን አውርዳ «ምነው እናቴ፣ ከየት ነዎት?» አለችኝ። እኩዮች ነን፤ እንግዳ ስለሆንኩ ነው አንቱ ያለችኝ። ጥሩነሽ ትባላለች። ባሏ ሞቶባት ጠላ እየሸጠች የምትኖር ናት። የሽፈራው እናት መሆኔን ስነግራት «በሉ ኑ፣ ሌላ ቤት አትሄዱም» አለች። በቅሎዋንም ራሷ እየሳበች ወሰደችን።

ከመምሸቱ በፊት ልጄን አየሁት። የታሰረው ከዳኛው ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከስቷል፣ ግን አልተመታም። ጉልበቴን ስሞ፣ «እማዬ፣ ያን ገደል ወረድሽው?» አለኝ።

«አንተ ምን አድርገህ ነው የተያዝከው? እስቲ ለእኔ በሚገባኝ ንገረኝ።»

እንዲህ አለ። ብረት እርጥብ መሬት ውስጥ ሲቀበር ይዝጋል፤ መሬቱ ይበላዋል። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ደግሞ ክፉ በላተኛ ነው። ስለዚህ ቧንቧውን ሲቀብሩ ሬንጅ ይቀቡታል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ዚንክ የሚሉትን ከባድ ግራጫ ነገር፣ ጡብ የሚያህል፣ በአጠገቡ ይቀብሩና በቀይ የመዳብ ሽቦ ከቧንቧው ጋር ያስሩታል።

«ዚንኩ ከብረት ይልቅ ቶሎ ይበላል፣ እማዬ። ሁለቱን ካስተሳሰርሻቸው መሬቱ ዚንኩን ሲበላ ቧንቧውን ይተወዋል። ዚንኩ በሰበሰ ማለት ቧንቧው ዳነ ማለት ነው።»

«በሽቦው ምን ይሄዳል?»

«ኮረንቲ።»

አማተብኩ። «ኮረንቲ ሰው ይገድላል አይሉም እንዴ?»

«ይህ ጉንዳን እንኳ አይገድልም።»

ነገሩ ሌላ ባይገባኝ አንድ ነገር አስታወሰኝ። እኛ ባና ስናስቀምጥ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ከላዩ እናደርግ የለም? ብል ያን ቅባታሙን ጠጉር ይወዳል፤ እሱን ሲበላ ባናውን ይተወዋል። ይህን ስለው ልጄ «ልክ እንደዚያ!» ብሎ ከተቀመጠበት ተነሳ። ትንሽ ልጅ ሳለ ሲደሰት የሚነሳው አነሳስ ነው።

«ታዲያ ይህን ለዳኛው ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። መጀመሪያ ግን ሳቅሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ለአጥር ጉድጓድ ሲቆፍር ዚንኩን ያገኘዋል። ሲቀበር ብዙ ሰው አይቶታል፤ አዲስና የሚያብለጨልጭ ነበር። አሁን ተቦርቡሮ፣ ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ እንደ ሻገተ ዳቦ ይፈረፈራል። ሰው ተሰብስቦ ጠባቂው ይጠራ ተባለ። ልጄ መጣ፣ የተበላውን ዚንክ አየ፣ «እሰይ!» ብሎ ሳቀ። በቃ። የመንግሥት ብረት በስብሶ የሚስቅ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው አሉ።

«ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም» አለኝ። «‹ቧንቧው ያልዛገው በዚንኩ ነው ወይስ በሬንጁ? ያለ ዚንክ የተቀበረ ቧንቧ አሳየኝና ልመንህ› አሉኝ። እኔ ደግሞ ሁሉም ጋ አስሬያለሁ። የማሳየው የለኝም። ሰኞ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ነገሩ ይሄዳል።»

ያን ማታ ጥሩነሽ ቤት እህል አልወርድ አለኝ። እሷ ግን ጤፍ እንጀራዋን እየጠቀለለች አጎረሰችኝ፤ እንደ አራስ።

ዓርብ ጠዋት ችሎት ቀረብን። ጋሼ ድንበሩ ካባቸውን ደርበው፣ በቁርጥማታቸው እየተራመዱ ቀርበው «እኔ ለእህቴ ልጅ ዋስ ነኝ፤ መሬት አለኝ» አሉ።

ዳኛው ቀና ብለው አዩዋቸው። «መሬትዎ የት ነው?»

«ማማ ምድር።»

«ማማ ምድር! ልጁ ቢጠፋ እኔ አዳባይን ተሻግሬ የእርስዎን ገብስ ልይዝ ነው? እዚህ ማን ያውቅዎታል?»

ማንም አያውቃቸውም። «ለዋሱ ዋስ አምጡ» አሉ ዳኛው፤ አንዳንዱም ሳቀ። ያን ሁሉ ገደል የወረድነው ለዚህ ነው ብዬ ጋሼ ድንበሩን ማየት አቃተኝ።

ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ለዋሱ ዋስ እኔ ነኝ» አለች። «ቤቴን ታውቁታላችሁ።»

«ሰውዬውን የት ታውቂያቸዋለሽ?»

«ትናንት ማታ ቤቴ በልተዋል። የሰው እንጀራ እንዴት እንደሚበሉ አይቻለሁ፤ አይከዱም።»

ዳኛው ፈቀዱ። ልጄም እስከ ሰኞ ከከተማው እንዳይወጣ ተብሎ ተለቀቀ። ጥሩነሽን እየሳምኩ ቤቷ ገባን።

አሁን የሆነውን ስሙ። ጠላ ልትቀዳ ወደ ጋኑ ሄደች። የጋኑ መክደኛ ላይ ድመት እንዳትከፍተው ከባድ ነገር ተጭኗል። ግራጫ ነው፣ ጡብ ያህላል፣ ጫፉ ላይ ቀይ የሽቦ ጭራ አለው። ሽፈራው አየው። ዓይኑ ፈጦ ቀረ። እኔም አየሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ራሴን ነቀነቅሁበት፤ ዝም በል ማለቴ ነው። ገና አሁን ዋሳችን ሆና ገብታ፣ ምን ብለን እንናገር? ብንናገር የመንግሥት ንብረት የያዘች እሷ ልትሆን ነው። ዝም ብንል ሰኞ ልጄ ሊሄድ ነው።

ጋሼ ድንበሩ ምንም አያውቁም። «ይህ ምን ድንጋይ ነው?» ብለው ሊያነሱት ሞከሩና «ወይ ክብደቱ! እርሳስ ነው እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ጎርፍ ያወጣው ነው» አለች ጥሩነሽ። «ቧንቧው በተቀበረ በዓመቱ ክረምት ከጓሮዬ ቦይ አፈሩን ጠርጎት ብቅ አለ። ሽቦ ይዞት ነበር፤ ስጎትተው ተቀነጠሰና...» ብላ እኛን ቀና ብላ አየችን። የልጄን ፊት አየች፣ የእኔን አየች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ይህ ነው?» አለች።

ልጄ «ይህ ነው» አላት። «ጓሮሽ ያለው ቧንቧ ያለ ዚንክ ቀርቷል፤ ዳኛው አሳየኝ ያሉኝ እሱን ነው።»

«ወይ ጉዴ! በሉ አሁን እኔ ሌባ ነኝ?»

«አይደለሽም» አልኳት። «እኔ አልናገርም። ሽፈራውም አይናገርም። ያንቺ ነገር ነው፤ አንቺ እንደወደድሽ።» ልጄ ሊናገር ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ።

«የሰው ልጅ አስፈትቼ እኔ ልታሰር?» አለች ለራሷ። ራቱን ግን አቀረበች፤ ከሐሙሱም የበለጠ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስንነሳ ጥሩነሽ የለችም። የጋኑ መክደኛ ላይም ያ ነገር የለም። ጋሼ ድንበሩ «ገደል ሰድዳዋለች» አሉ። ሽፈራው በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። እኔ አልፈረድኩባትም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በቅሎዋን ልጭን፣ ሰኞ ልጄን ተከትዬ ልሄድ አስቤ እንደዚሁ ቁጭ አልኩ።

ከዳኛው ግቢ ሰው ተልኮ ጠራን። ስንሄድ ጥሩነሽ በዳኛው ፊት ቆማለች። ዚንኩን እንደ ሕፃን በማዘያ ጀርባዋ ላይ አዝላዋለች።

«አውርጂው እንጂ» ይሏታል ዳኛው።

«ጓሮዬ እስክንደርስ አላወርደውም። ያወጣሁት እኔ፣ የማሳያችሁ እኔ።»

ሁላችንም ወደ ጓሮዋ ሄድን፤ ዳኛው፣ ሽማግሌዎች፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣችውም እንስራዋን ይዛ። ልጄ ቦዩ ዳር አፈሩን በእጁ እየጠረገ ቆፈረ። ቧንቧው ወጣ። ሬንጁ ተላጦ፣ ብረቱ ቀይ ሆኖ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይነሳል። አንድ ሽማግሌ «በቃ እየው፣ ዝጓል» ብለው በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዘራው ገባ። ውሃው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጥቶ የዳኛውን ፊት አገኘው።

ዳኛው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ያኛውን ደግሞ አሳየኝ» አሉ።

ዚንኩ በስብሶ የተገኘበት አጥር ዘንድ ሄድን። ልጄ እዚያም ሬንጁ በተላጠበት በኩል ቆፈረ። ብረቱ ጥቁር፣ ለስላሳ ነው። ዳኛው ራሳቸው ተንበርክከው በጥፍራቸው ፋቁት። ሽማግሌውም በከዘራ ወጉት፤ ከዘራው ተመለሰ።

«እኩል የተቀበሩ ናቸው?» አሉ ዳኛው።

«በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ጌታዬ።»

ጋሼ ድንበሩ ከኋላ ሆነው «እህቴ ባና ላይ የምታደርገው ጠጉር ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። «ብሉ እሱን ሲበላ ባናውን አይነካውም!»

«እናንተ መንዜዎች ሁሉን ነገር በበግ ነው የምትፈቱት» አሉ ዳኛው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሁለቱን ጉድጓድ ደጋግመው አዩ። በመጨረሻ ልጄን «ስትስቅ ለምን እንደሆነ አስቀድመህ ብትናገር ምን ነበረበት?» አሉት። «ሂድ። ክስ የለብህም። ያን ቀዳዳ ድፈንልን።»

የአጥሩን እንጨት ይዤ ቆምኩ።

ቀጥለው ወደ ጥሩነሽ ዞሩ። «አንቺ ግን የመንግሥት ንብረት ይዘሽ ኖረሻል። ባለማወቅ ነው፣ ራስሽም አምጥተሻል፤ ቢሆንም ከፋሲካ በኋላ ቀርበሽ ይታያል። ዋስ ጥሪ።»

«ዋስ የነበርኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ ዋስ ልጥራ?»

ሰዉ ውሃው ያልቃል ብሎ ወደ ቦኖው መሮጥ ጀምሯል፤ ማንም አልቀረበም። ጋሼ ድንበሩን በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው።

«ምንድነው?» አሉኝ።

«ይቅረቡ እንጂ ጋሼ።»

«እኔ ለሰው አገር ሰው?»

«ትናንት ለእርስዎ ማን ቀረበ?»

እያጉረመረሙ ቀረቡ። «ዋስ ነኝ» አሉ።

ዳኛው ግንባራቸውን ያዙ። «ማማ ምድር መሬት ያለዎት?»

«እሱው ነው። አልተንቀሳቀሰም።»

«ለዋሱስ ዋስ?»

ሽፈራው እጁ ጭቃ እንደሆነ ከጉድጓዱ ውስጥ ብቅ ብሎ «እኔ» አለ። ያን ጊዜ ዳኛውም ሳቁ። ፈቀዱም።

ጥሩነሽ ማዘያዋን ፈታ ዚንኩን ጓሮዋ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጄ ቀዳዳውን በጎማና በብረት ቀለበት አጥብቆ አሰረና አዲስ ሽቦ አምጥቶ ዚንኩን ከቧንቧው ጋር አያያዘው። እኔ ኮረንቲው እንዳይዘው ፈርቼ ሸሚዙን ከኋላ ይዤው ነበር። እሱ አላየኝም።

እሑድ አስቀድሰን ስንወጣ «አሁን አብረን እንሂድ» አልኩት። «ተፈትተሃል። እርሻ አለ፣ በግ አለ። ለአገሩም ይዤው እመጣለሁ ብያለሁ።»

«ያ ቀዳዳ የታሰረው ለጊዜው ነው፣ እማዬ። በጓሮዋ ያለው ቧንቧ በሙሉ መለወጥ አለበት። ከዚያ እያንዳንዱን ዚንክ አውጥቼ የትኛው አልቋል፣ የትኛው ቀርቷል ማየት አለብኝ። እኔ ብሄድ ማን ያያል?»

«ደግሞ ቢይዙህስ?»

«እንግዲህስ ለምን እንደሆነ ሳልናገር አልስቅም» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አለቀስኩ፤ እሱም እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ሰኞ ተነሳን። ጥሩነሽ ለጋሼ ድንበሩ ለቆላው የሚሆን ስስ ነጠላ፣ ለእኔ በጤፍ ዱቄት የተሞላ ስልቻ ሰጠችን። «አንቺን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ አይሻለሁ» አለችኝ። ልጄ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኘን። አዳባይን ስንሻገር ምንም አልወደቀብንም። አፋፉ ላይ ለቄሱ ሚስት ዱላዋን መለስኩላት። ብረቱ ለምን እንደተቀበረ ነገርኳቸው፤ ቄሱ «እንዲያ ነው እንዴ!» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፣ እኔም የቻልኩትን ያህል መለስኩ። ብርዱ ሲያገኘን ባናችንን ለበስን።

ሞላሌ ልንደርስ ስንል ሴቶቹ በቅሎዋን ከሩቅ አይተው እልል አሉ። ስንቀርብ በቅሎዋ ላይ ያሉት ጋሼ ድንበሩ ናቸው። እልልታው ቆመ። ጨው የምትሸጠው ሴት ቀድማ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ልጅሽስ?»

«ቀረ» አልኳት።

«ወይኔ! አልፈቱትም?»

«ፈተውታል» አልኩ። «ስለፈቱት ነው የቀረው።»